«ከመንገድ ውጭ» የሚባለው ከየት ይጀምራል? በሰሜን ሸዋ መሪ ይዤ የተማርኩት

በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የአንድ ፒክአፕ መኪና የኪራይ ውል ፈርሜ ነበር። መኪናው ፎርዊል ድራይቭ፣ ማለትም ሲያስፈልግ አራቱም ጎማው የሚጎትት ነው፤ የተከራየሁትም በዚሁ ምክንያት ነበር። ከውሉ አንቀጾች አንዱ «ተከራይ ተሽከርካሪውን ከመንገድ ውጭ ማሽከርከር አይፈቀድለትም» ይላል። በዚያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ላይ በሚሠራ አንድ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ ለ11 ዓመት በሹፌርነት ካገለገልኩ በኋላ የስምሪት ኃላፊ ሆኜ ስለነበር፣ የአንቀጹን ትርጉም የምጠይቅበት ምክንያት አልታየኝም። ከመንገድ ውጭ መንዳት ማለት መንገድ ትቶ በማሳ፣ በግጦሽ መሬት ወይም በወንዝ ውስጥ መሄድ ነው ብዬ አምን ነበርና። ከ6 ቀን በኋላ የደረሰብን ጉዳት ይህ እምነቴ ልክ እንዳልነበረ አሳየኝ። ይህን የምጽፈውም በገጠር ለሥራ የሚነዱ፣ እንዲሁም መኪና የሚያከራዩና የሚከራዩ ሰዎች ጥያቄውን ጉዳት ከመድረሱ በፊት እንዲያነሱት ነው።

ጉዞው ከእነዋሪ ከተማ 14 ኪሎ ሜትር ወደምትርቅ አንዲት ቀበሌ የክትባት መድኃኒት ለማድረስ ነበር። እነዋሪ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ በስንዴና በጤፍ የታወቀ፣ ጥቁር አፈር የለበሰ ሰፊ ሜዳ ነው። ወደ ቀበሌዋ በሚወስደው መንገድ በበጋ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አይሱዙ የጭነት መኪና ሳይቀር እህል ሲጭንበት አይቻለሁ። በዚያን ዕለት የተመደበው ሹፌር ስለታመመ እኔው መሪ ያዝኩ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ከከተማው እንደወጣን ማርሹን ኤች 4 ላይ፣ ማለትም አራቱም ጎማ በሚጎትትበት ላይ አደረግሁት፤ መኪናውም ያለችግር ሄደ። ሰባተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ጎማዎቹ ዋልካ ጠቅልለው ጥርሳቸው እንደማይታይ፣ መሪውም በእጄ ላይ እየቀለለ እንደመጣ አስተዋልኩ። መመለስ የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው። አራቱም ጎማ እስከጎተተ ድረስ እንደርሳለን ብዬ ግን ቀጠልኩ። ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ መንገዱ በትንሹ ወደ ግራ ያዘነብላል። ፍሬን ሳልነካ፣ ፍጥነትም ሳልጨምር መኪናው ከነፊቱ ከነኋላው ቀስ ብሎ ወደ ግራ ተንሸራተተና ጎርፍ ቦርቡሮ በሠራው ቦይ ውስጥ ገባ፤ በጭቃ የተሸፈነ ድንጋይም የሞተሩን የዘይት ኮፓ ሰነጠቀው። ሞተሩን ወዲያው ማጥፋቴ ከባሰ ጉዳት አዳነው።

ከአካባቢው ቤቶች የወጡ ገበሬዎች በሁለት ጥማድ በሬ መኪናውን ከቦዩ አወጡልን፤ የክትባቱን ሣጥን ደግሞ ሁለት ወጣቶች እየተቀባበሉ ተሸክመው ቀሪውን 5 ኪሎ ሜትር በእግራቸው አደረሱት። በሬዎቹን ይነዱ ከነበሩት ሽማግሌዎች ለአንዱ፣ «አባባ፣ መንገዱ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ በበጋ ነው መንገድ፤ ክረምት ሲገባ ማሳ ነው» አሉኝ።

አከራዩ ውሉን ጠቅሶ የጥገናውን ወጪ በሙሉ እንድንከፍል ጠየቀ። እኛ ደግሞ ሕዝብ የሚመላለስበት የታወቀ መንገድ ነው ብለን ተከራከርን። ሁለታችንም የየራሳችን ትርጉም ነበረን፤ ውሉ ግን አንዱንም አልያዘም። ከሦስት ሳምንት ንትርክ በኋላ እኩል ተካፍለን ከፈልን። እኔ ግን የሽማግሌውን ቃል ደጋግሜ ሳስበው፣ ከእኛም ከአከራዩም ይልቅ ጉዳዩን በትክክል ያስቀመጡት እርሳቸው እንደነበሩ ተረዳሁ።

አብዛኛው ሰው አስፋልት ሲያልቅ ከመንገድ ውጭ መንዳት የተጀመረ ይመስለዋል። ይህ ልክ አይደለም። ከጣርማበር ተገንጥሎ በሞላሌ በኩል ወደ መሃል ሜዳ የሚወስደው የመንዝ መንገድ ለዓመታት በጠጠሩ የተመላለስኩበት ነው፤ ኮረኮንቹ አጥንት ድረስ ይሰማ፣ ባሌስትራም ይሰብር፣ አቧራው ደግሞ የአየር ማጣሪያ ይደፍን ነበር። ያም ሆኖ መንገድ ነበር። አንድ መሐንዲስ ዳገቱን ለክቶት ነበር፤ መሐሉ ከፍ ብሎ ውኃው ወደ ግራና ቀኝ እንዲወርድ ተደርጎ ነበር፤ የጎርፍ መሄጃ ቦይና ቱቦ ነበረው፤ የፈሰሰው ጠጠር በታችኛው አፈርና በጎማው መካከል ሆኖ ክብደት ይሸከም ነበር። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ብዙውን ጊዜ የኋላ ጎማ ብቻ የሚጎትት ሚኒባስም ጭምር ይሄዳል። እውነት ነው፣ የመኪና አምራቾች የአገልግሎት መጽሐፍ አቧራማ፣ ጭቃማና ወጣ ገባ መንገድን «ከባድ አጠቃቀም» ብሎ ይመድበውና ዘይትና ማጣሪያ ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ እንዲቀየር ያዝዛል። ይህ ግን የጥገና ምድብ ነው። ከባድ አጠቃቀምና ከመንገድ ውጭ መንዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙ አከራዮችም ብዙ ሹፌሮችም ይደባልቁታል፤ ክርክሩ የሚነሳውም ከዚያ ነው።

ታዲያ ከየት ይጀምራል? እኔ የደረስኩበት ትርጉም ይህ ነው፤ ከጎማው ሥር ያለው መሬት በዚያን ዕለት መኪናን እንዲሸከም የተሠራና የተጠበቀ ካልሆነ፣ መሬቱ ራሱ ወዳሻው የሚወስድህ ከሆነ፣ ካርታ ላይ ቢሣልም ባይሣልም ከመንገድ ውጭ ነህ። «በዚያን ዕለት» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። የእነዋሪ ጥቁር አፈር በጥር ወር እንደ ሲሚንቶ የደረቀና የተሰነጣጠቀ ነው፤ የጫነ መኪና ሳይቀር ይሸከማል። ዝናብ ሲያገኝ ውኃ መጥጦ ያብጣል፣ ስንጥቁም ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ውኃ ወደ ታች ስለማይሰርግ ላዩ ላይ ይተኛል። ያን ጊዜ አፈሩ ያዳልጣልም፣ ይጣበቃልም። በአሸዋ ወይም በልል አፈር ላይ የጎማን አየር፣ ለምሳሌ ከ35 ወደ 22 ፒ.ኤስ.አይ. ዝቅ ማድረግ ጎማው መሬት የሚረግጥበትን ስፋት ስለሚጨምር በእጅጉ ይረዳል። ዋልካ ላይ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ጭቃው የጎማውን ጥርስ ስለሚሞላው አዲስም ጎማ ያለቀ ጎማ ይሆናል። የጎማ ሰንሰለት የተሻለ ይሠራል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን መጠበቅ ነው፤ ፀሐይ ከወጣችና ነፋስ ከነፈሰ መሬቱ ጠፈፍ እስኪል ግማሽ ቀን ታግሦ መሄድ ብዙ ጊዜ ሙሉ ቀን ያተርፋል።

አንድ መንገድ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ይህን ያየሁት በመንዝ ነው። በታኅሣሥ ወር ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በጓሳ አካባቢ ያለው አፈር በውርጭ ደርቆ ድንጋይ መስሎ ይጠብቃል፤ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ በረዶው ሲቀልጥ ላዩ ሊጥ ይሆናል፣ ሥሩ ግን ገና ደረቅ ነው። ጠዋት ያለችግር የወጣሁትን አንድ አጭር ተዳፋት ረፋድ ላይ ስወርደው ጎማዎቹ ሙሉ በሙሉ ቆመው መኪናው ሲንሸራተት አግኝቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የመውጫዬን ብቻ ሳይሆን የመመለሻዬንም ሰዓት አብሬ አስላለሁ።

ስለ ፎርዊል ድራይቭ አሠራር ትንሽ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም የእኔ ስህተት ግማሹ መሣሪያው የሚሰጠውንና የማይሰጠውን አለመለየት ነበር። በአገራችን ገጠር የሚሠሩት አብዛኞቹ ፒክአፖችና ሃርድቶፖች በመደበኛው ጊዜ በኋላ ጎማ ብቻ ይሄዳሉ፤ ኤች 4 ሲገባ ትራንስፈር የሚባለው የኃይል ማከፋፈያ የፊቱንና የኋላውን ዘንግ አንድ ላይ ይቆልፋቸዋል። ስለዚህ ኃይሉ ለሁለቱም ወገን ይደርሳል። ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ አክስል ላይ ያለው፣ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ካልተቆለፈ ኃይሉን የሚያባክነው በቀለለው ጎማ ላይ ነው፤ አንድ የፊት ጎማና በሰያፍ ያለው አንድ የኋላ ጎማ ከመሬት ከተነሱ ወይም ካዳለጣቸው ሁለቱ ብቻ ይሽከረከራሉ፣ መኪናውም ባለበት ይቆማል። ከዚህም በላይ ኤች 4 መኪናን ለማስኬድ እንጂ ለማቆም አይረዳም። ማንኛውም መኪና በአራቱም ጎማው ነው ፍሬን የሚይዘው፤ ጎማው መሬት ካልያዘለት ፎርዊል ድራይቩ ከመንሸራተት አያድነውም። በዚያ ቀን እነዋሪ ላይ ኤች 4 ያደረገልኝ ነገር፣ ከከተማው 2 ኪሎ ሜትር ላይ ይቆም የነበረውን መኪና 9 ኪሎ ሜትር ድረስ ወስዶ ከከተማው በራቀ ቦታ ማስቆም ነበር። አሁን ሹፌሮቻችን መጀመሪያ የሚችሉትን ያህል በኋላ ጎማ ብቻ እንዲሄዱ፣ ኤች 4 የግድ ያስፈለገበትን ቦታ ግን ልብ ብለው «ከዚህ በኋላ ልቀጥል ወይ?» ብለው እንዲቆሙ እመክራቸዋለሁ።

ማርሹን በደረቅ አስፋልት ላይ ማውጣትም አይዘንጋ። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ዙር ይሄዳሉ። ዘንጎቹ ተቆልፈው ሳለ ይህ የርቀት ልዩነት የሚተነፍስበት ቦታ የለውም፤ በጭቃና በጠጠር ላይ ጎማው ትንሽ ስለሚንሸራተት ጭንቀቱ ይለቅቃል፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ግን በጥርሶቹና በዘንጎቹ ላይ ይጠራቀማል። መሪው ሲከብድና መኪናው በመታጠፊያ ላይ እንደታሰረ ሲሆን ምልክቱ ያ ነው። አንድ ወጣት ሹፌር ከገጠር መልስ ደብረ ብርሃን አስፋልት ገብቶ ማርሹን ሳያወጣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድቶ መሪው ተበላሽቶብኛል ብሎ ደውሎልኛል፤ የተበላሸ ነገር አልነበረም፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ሄዶ ማርሹን እንዲያወጣ ነገርኩት፤ መሪውም ተስተካከለ። ዘንጎቹን ለዘለቄታው የማይቆልፉ፣ ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚሄዱ መኪናዎች ይህ ችግር የለባቸውም፤ ስለዚህ የያዙት መኪና የትኛው ዓይነት እንደሆነ ከመነሳት በፊት ማወቅ ያስፈልጋል።

ኤል 4 የሚባለው ዝቅተኛው ማርሽ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ የጎማውን የመጎተት ኃይል ከሁለት እጥፍ በላይ ያሳድጋል፣ ፍጥነቱን ግን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጥቅሙን በደንብ የተረዳሁት ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ከዋናው መንገድ ተገንጥዬ ወደ አንድ መንደር ስወርድ፣ መደበኛው አንደኛ ማርሽ መኪናውን ሊይዘው ስላልቻለ ፍሬን ደጋግሜ በመርገጥ ላይ ነበርኩ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ መጣ፣ ፔዳሉም ወደ ታች ሰመጠ። ቆሜ ፍሬኑ እስኪበርድ ከጠበቅሁ በኋላ ኤል 4 አስገብቼ በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ሳልረግጥ፣ እግሬን ከፔዳሎቹ አንስቼ ወረድኩ፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ አወረደው። በቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን መርገጥ ማለት ሞተሩ የያዘውን መኪና መልቀቅ ነው። በዳገትም ቢሆን የመንዝ ከፍታ የራሱ ጉዳይ አለው፤ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሆነ፣ ተርቦ፣ ማለትም ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ፣ የሌለው የናፍጣ ሞተር ጉልበቱን በግልጽ ያጣል። ቆላ በሆነው ሸዋ ሮቢት ላይ በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣው ዳገት እዚያ ላይ ኤል 4 ሊጠይቅ ይችላል። ሹፌሩ ዳገቱ መሐል ላይ ማርሽ ለመቀየር ከመታገል ይልቅ ከሥሩ ቆሞ ቢያስገባ ይሻላል።

ስለ ወንዝ መሻገር ብዙ አልልም፤ ወንዝ ድልድይ ከሌለው ያለ ጥርጥር ከመንገድ ውጭ ነው። አንድ ነገር ግን በቀወት ቆላ ለሚነዱ ማሳሰብ እወዳለሁ። እዚያ ያሉት ደረቅ ወንዞች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሊሞሉ ይችላሉ፤ ዝናቡ የሚወርደው በላይ በጣርማበርና በደጋው ላይ ነውና። ውኃው የደፈረሰ፣ ጭራሮና ገለባ የያዘ ከሆነ እየጨመረ ነው፤ አይገባበትም። ጥርት ያለም ቢሆን በእግር ገብቶ፣ በዱላ እየለኩ፣ የታችኛው ድንጋይ የሚይዝ መሆኑን ሳያረጋግጡ መኪና ማስገባት ትክክል አይደለም። ሲሻገሩ የሞቀ አክስል በቀዝቃዛ ውኃ ድንገት ሲበርድ በውስጡ ያለው አየር ስለሚሰበሰብ ውኃ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል፤ ስለዚህ ከመሻገር በፊት ትንሽ ማቀዝቀዝ፣ ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ የዲፈረንሻሉን ዘይት ማየት ይገባል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታልና ሳይዘገይ መቀየር አለበት።

«ከመንገድ ውጭ» የሚለው ቃል በጥሬ ትርጉሙ፣ ማለትም የመኪና ዱካ ትቶ በሣር ላይ መንዳት ሲሆን፣ እኔ በሰሜን ሸዋ ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም የምለው አንድ ቦታ አለ። የመንዝ ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ ቄሮ በሚባለው ጥንታዊ ሥርዓት ሕዝቡ ራሱ ሲጠብቀው የኖረ መሬት ነው። ገበሬው ጓሳ የሚባለውን ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ በተፈቀደለት ጊዜ ብቻ ያጭደዋል። በዚያ ሣር ሥር የሚኖሩትን አይጦች ቀይ ቀበሮ እያደነ ይመገባል። በእርጥብ ወቅት አንድ መኪና የሚተወው የጎማ ዱካ የውኃ መሄጃ ሆኖ በሚቀጥለው ክረምት ቦይ ይሆናል፤ የሚከተለው ሹፌርም ቦዩን ሸሽቶ በጎኑ ሌላ ዱካ ያወጣል። ጭላዳ ለማየት ወይም ፎቶግራፍ ለማንሳት ብለው ከመንገዱ የሚወጡ መኪናዎች ስመለከት ከልብ አዝናለሁ። እግር እያለ መኪና በዚያ ሣር ላይ የሚሄድበት ምክንያት የለም።

ወደ ውሉ ልመለስ። ከዚያ ክርክር በኋላ የሥራ ባልደረቦቼና እኔ «ከመንገድ ውጭ» የሚለውን ቃል ትርጉም ሳይሰጠው ላለመፈረም ተስማማን። በውሉ ላይ የምናስገባው ሐረግ፣ መኪናው በየትኞቹ መንገዶች እንደሚሄድ በመነሻና በመድረሻ ስም ይዘረዝራል፤ ጠጠር መንገድ የተፈቀደ መሆኑን ይገልጻል፤ ጠጠር ያልለበሰ የበጋ መንገድ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራትና ዝናብ በዘነበ በ24 ሰዓት ውስጥ ከመንገድ ውጭ እንደሚቆጠር ያስቀምጣል፤ ወደዚያ መሄድ ግድ ከሆነም በቅድሚያ በስልክ መልእክት ፈቃድ እንደሚጠየቅ ይጠቅሳል። አንዳንድ አከራዮች በዚህ ምክንያት የቀን ሒሳቡን ከፍ አድርገውብናል፤ እኔ ግን ከጉዳት በኋላ ከመካሰስ ይልቅ ጥቂት ጨምሮ መክፈልን እመርጣለሁ። መድንን በሚመለከትም፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው አስገዳጅ የሦስተኛ ወገን መድን በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለራስ መኪና አይደለም። የራስን መኪና የሚሸፍነው ውል የተለየ ነው፤ በዚያ ውል ውስጥ የመንገድ ሁኔታን የሚመለከት የተገለለ ነገር መኖሩን ከመነሳት በፊት ማንበብ፣ ግልጽ ካልሆነም በጽሑፍ መልስ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሌላ በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ አንድ ደብተር አለ። ሹፌሩ ኤች 4 ወይም ኤል 4 ያስገባበትን ቦታና የኪሎ ሜትር ቁጥር፣ የአየሩን ሁኔታና የሄደበትን ርቀት ይጽፍበታል። መጀመሪያ ሹፌሮቹ ቁጥጥር መስሏቸው አልወደዱትም ነበር፤ አሁን ግን መንገድ የማያውቅ አዲስ ሹፌር ሲመደብ ከካርታ በፊት የሚያነበው ይህን ነው። ጋራዥ ስንሄድም ሜካኒኩ የትኛው መኪና ቀድሞ የዲፈረንሻል ዘይት መቀየር፣ የትኛው ቅባት መጠጣት እንዳለበት ከደብተሩ ያያል። አካፋ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ሁለት ሳንቃና ክሪክ የሚቆምበት ወፍራም ጣውላም ከክረምት እስከ በጋ ከመኪናው አይወርዱም፤ ክሪክ ያለ ጣውላ በዋልካ ላይ ሲቆም መኪናውን ከማንሳት ይልቅ ራሱ ይሰምጣል።

በየዓመቱ ሰኔ ከመግባቱ በፊት የመንገዶቹን ዝርዝር እንደገና እናየዋለን። ያቺ ከእነዋሪ 14 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ቀበሌ መንገድ አሁን እስከ አሥራ አንደኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ጠጠር ለብሷል፤ በግራና በቀኙ ቦይ ተቆፍሮለታል፤ እኛ የወደቅንበት ቦታም ቱቦ ተቀብሮበታል። እነዚያን 11 ኪሎ ሜትሮች «ከመንገድ ውጭ» ከሚለው ዓምድ አውጥተናቸዋል። የቀሩት 3 ኪሎ ሜትሮች ግን አሁንም በዚያው ዓምድ ውስጥ ናቸው፤ በነሐሴ ወር ክትባት ሲላክ መኪናው ጠጠሩ በሚያልቅበት ላይ ይቆማል፣ ሣጥኑንም የቀበሌዋ ወጣቶች መጥተው ይቀበሉናል።